የትራክተሯ መቀመጫ

ጡረታ የወጣው የግምጃ ቤት ኃላፊ፣ ይሠራበት የነበረው የመንግሥት እርሻ አሮጌ ዕቃ ሲሸጥ የአትክልቱን መደብ ታርስ የነበረችውን ትንሽ ትራክተር ገዝቶ ግቢው ውስጥ ማደስ ያዘ። ሚስቱ «ዝገት አገባህብኝ» ብትለውም አልሰማት።

ሞተሩ እንቢ ሲለው የትራክተሯን የድሮ ሹፌር ጋሽ አጥናፌን አፈላልጎ ለመናቸው። ያለፈውን ሳያነሱ በየእሑዱ እየመጡ ረዱት። ከሠላሳ ዓመት በፊት መፍቻ ሰረቁ ብሎ ከሥራ ያስባረራቸው እሱ ነበር። «በልጆቼ እምላለሁ፣ አልወሰድኩም!» ሲሉ፣ «ለሌባ መሐላ ምኑ ነው?» ብሎ ሠራተኛውን አስቆባቸዋል።

ዛሬ ቀለም ሊቀባ መቀመጫዋን ፈታ። ከስሩ፣ በደረቀ ግራሶ የተለወሰ መፍቻ ተጋድሟል። በአውራ ጣቱ ጠረገው፤ የግምጃ ቤቱ ቁጥር ተመቶበታል። ያኔ የጠፋው መፍቻ ነው። ጋሽ አጥናፌ ቧንቧው ጋ ሊታጠቡ ዞር ብለው ስለነበር ፈጥኖ ኪሱ ከተተው።

«ጋሼ፣ ቀለሙን እንጀምር?» አለ፣ ቀና ብሎ ሊያያቸው ሳይደፍር።

ሽማግሌው እጃቸውን በጨርቅ እያደራረቁ ተጠጉት።

«ተው ልጄ፣ ኪስህን ይቀድብሃል» አሉት ቀስ ብለው። «እኔ የዛሬ ወር አይቼው፣ እንዳታፍር ብዬ ነው መቀመጫውን መልሼ ያሰርኩት።»