እግር ሥር የተወሸቀው ድስት

መብራት የጠፋው የበዓሉ እንግዶች ሊደርሱ ሲሉ ነበር። አዲሷ ምራት የስጋው ድስት እንዳይቀዘቅዝባት ጨነቃት። ቤት ውስጥ የነበረው ወፍራም ብርድ ልብስ አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ከሠርጓ ቀን ጀምሮ አንድ ቃል ተንፍሰውላት የማያውቁት የባሏ አባት ታመው ለብሰውት ተኝተዋል። እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሏት ድስቱን በፎጣ ጠቀለለችና እግራቸው ሥር ቀስ አድርጋ ወሸቀችው።

እጇን ሳታወጣ የባሏ እናት በሩን በርግደው ገቡ።

“በሽተኛ አልጋ ውስጥ ድስት! ምን ጉድ ነው የማየው?”



“እኔ ነኝ አምጪ ያልኳት፤ እግሬን በርዶኝ” አሉ ሽማግሌው ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

ሴትዮዋ እያጉረመረሙ ወጡ። ምራቲቱ ብርድ ልብሱን እግራቸው ላይ ስታስተካክል፣ ሽማግሌው አንድ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው አዩዋት።

“ክዳኑን ግን ደህና አድርገሽ ገጥመሽዋል፣ ልጄ?”