ከዋርካው ሰባ አምስት ሜትር

የፍርድ ቤቱ መልእክተኛ ሞተሩን ሳያጠፋ መጥሪያውን ያነባል።

«ከትልቁ ዋርካ ሰባ አምስት ሜትር ወደ ደቡብ፣ አረንጓዴ በር።» ቀና ብሎ መንገዱን ያያል። «የታለ ዋርካው?»

«እዚህ፣ እኔ የቆምኩበት ላይ ነበር» ትላለች ሚሌይዲ። «ከተቆረጠ አራት ዓመቱ ነው። እኛ ግን አድራሻ አሁንም ከሱ ነው የምንቆጥረው።»

«እኔ የካርታጎ ከተማ ሰው ነኝ፣ ልጄ፤ የዚህ ሰፈር አይደለሁም። የሌለ ዛፍ አይታየኝም። ለዚህ ነው ሁለቴ ይዤው የተመለስኩት።»

«ዛሬም ከመለሱትስ?»

«መዝገቡ ይዘጋል። እንደ አዲስ ታመለክቻለሽ።»

እንደ አዲስ ማለት ስምንት ወር ነው። አከራይዋ ዛሬ ጠዋት የክፍሏን በር ከማጠፊያው ነቅለው ወስደዋል፤ ኪራዩ ሲመጣ ይመለሳል ብለው። የሰባት ዓመቷ ኬይሊን በበሩ ቦታ ከተሰቀለው አንሶላ ጀርባ ተቀምጣ እናቷን ትጠብቃለች። ዳኛው ለልጅቷ ቀለብ ቆርጠውላታል። መጥሪያው አባትየው ኦልገር ቤት እስኪደርስ ግን ማንም ምንም ሊጠይቀው አይችልም።

«ከኔ ጀምረው ይቁጠሩ፣ ጋሼ።»

ሰውየው ሞተሩን አጥፍቶ ከእግሯ ሥር እርምጃ መቁጠር ይጀምራል። እሷም ከጎኑ እየሄደች በልቧ ትቆጥራለች።

«ኦልገርን ነው?» ትላለች ባለሱቋ ከመንገዱ ማዶ። «ፓናማ ገባ እኮ። ምነው፣ ሳይሰናበትሽ ሄደ?»

«ቅዳሜ ካንቺ ሱቅ ሲጋራ ሲገዛ፣ ለመንገዱ ነበር?» ትላታለች ሚሌይዲ ሳትዞር።

ሰባ አራት። ሰባ አምስት።

በሩ ነጭ ነው።

መልእክተኛው ግራና ቀኙን ያያል። «አረንጓዴ ነው የሚለው።»

«ይኸው ነው። አምስት ዓመት ኖሬበታለሁ።»

«አምንሻለሁ። ግን የማንኳኳው የተጻፈውን በር ነው። ነጭ በር ላይ ሰጠሁ ብል የሱ ጠበቃ በአንድ ቃል ውድቅ ያስደርገዋል።» አልተገኘም ብሎ ሊጽፍ ብዕሩን ከኪሱ ያወጣል።

ያኔ ሽታው አፍንጫዋ ይገባል። ቀለም ነው። የዛሬ ነው፤ የትናንት እንኳ አይደለም።

መዳፏን በሩ ላይ ታሳርፋለች፤ ነጭ ሆኖ ይመለሳል። በቀሚሷ ጫፍ ትጠርገው ጀመር። ነገ ሰው ቤት ልታጸዳ ስትሄድ የምትለብሰው ሌላ የላትም። ከነጩ ሥር የሳንቲም ያህል አረንጓዴ ይወጣል፣ ከዚያ የመዳፍ ያህል።

ውስጥ ኳስ ሲያስተላልፍ የነበረው ሬዲዮ ድንገት ይጠፋል።

መልእክተኛው ብዕሩን እንደያዘ ይቆማል። ሦስት ጊዜ ያንኳኳል፣ ይጠብቃል፣ ደግሞ ያንኳኳል። ማንም አይከፍትም።

«በቃ፣ ልጄ። በሩን አይቻለሁ፣ ሰው መኖሩንም ሰምቻለሁ። እጽፈዋለሁ። ይበቃል አይበቃም፣ ዳኛው ያውቃሉ።» መጥሪያውን በበሩ ሥር ያሾልካል።

ሚሌይዲ አታቆምም። ጨርቁ ነጭ ጠጥቶ ሲከብድ በሌላው ጫፍ፣ እሱም ሲሞላ በክንዷ ትጠርጋለች። ተንበርክካ ወደ ታች ትወርዳለች፣ እስከ ሕፃን ቁመት ድረስ። እዚያ ከነጩ ሥር ዶሮዋ ብቅ ትላለች፤ ኬይሊን በሦስት ዓመቷ በምስማር ጭራ የሣለቻት፣ ሦስት እግር ያላት።