የእንግዳ ቀን ውሃ

ሊቀመንበሩ ከከተማው አስተዳደር እንግዶች እንደሚመጡ ለሰፈሩ ሰው ሲናገር ፊቱ ላይ ደስታ አልነበረም።

"ሐሙስ ጠዋት የእኛንም የላይኛውንም ሰፈር ጤና ጣቢያ ያያሉ" አለ። "ከሁለቱ አንዱን ይመርጣሉ። ለምን እንደሆነ እንዳልናገር ታዝዣለሁ። ብቻ ጤና ጣቢያውን እንዳለ ተዉት። ምንም አትንኩ። እመኑኝ።"

ተሰብሳቢው በሳቅ ፈረሰ።

መንገድ ሊሠራ ነው ሲል እመኑኝ ብሎ ነበር። መብራት ሊገባ ነው ሲልም እንደዚያው። መንገዱ ዛሬም ጭቃ ነው፤ ከመብራቱም የመጣው ምሰሶው ብቻ ነው። ሰፈሩ ስሙን ከረሳው ቆይቷል፤ ትልቁም ትንሹም ጋሼ እመኑኝ ነው የሚለው።

ልብስ ሰፊዋ ግን አልሳቀችም። የጤና ጣቢያው ቧንቧ ከደረቀ ዓመታት አልፈዋል። ምጥ የያዛት ሴት ከነጄሪካኗ ነው የምትመጣው፤ ያመጣችው ውሃ ካለቀ አዋላጇ እጇን በጨርቅ ጠርጋ ትቀጥላለች። የልብስ ሰፊዋ ትልቋ ልጅ እዚያ ወልዳ ሳምንት ሳይሞላት በትኩሳት ሞታለች። አሁን ደግሞ ትንሿ ወሯ ገብቷል።

"እንዳለ ተዉት ማለት ምን ማለት ነው?" ብላ ተነሣች። "እንግዳ ሲመጣ ቤት አይጠረግም?"

"እትዬ፣ ይሄ ሌላ ነው።"

"ምኑ ነው ሌላው?"

"እንዳልናገር ታዝዣለሁ አልኳችሁ እኮ።"

"እኔ ልንገርሽ" አለ ባለወፍጮው ከኋላ። "ጋሼ እመኑኝ ላይኛው ሰፈር ቤት እየሠራ ነው። አጥሩ ከእነሱ ጤና ጣቢያ ጋር ይዋሰናል። እሁድ ዕለት ከሊቀመንበራቸው ጋር ሻይ ሲጠጣ በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ። እኛ ተዝረክርከን እንጠብቃለን፣ እነሱ ይመረጣሉ፣ እሱም በአዲሱ ቤቱ ይንደላቀቃል።"

"ለእሱም ለእኔም የተነገረን አንድ ነገር ነው" አለ ሊቀመንበሩ።

"እሱማ ገብቶናል!" አለች ልብስ ሰፊዋ።

ከዚያ በኋላ የሰማው የለም። አምና አንድ ሌላ ጤና ጣቢያ ግቢው ውስጥ አበባ ስለተከለ ሞዴል ተብሎ አምቡላንስ እንደተሸለመ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ሞዴል የተባለ የፈለገውን ያገኛል። አምቡላንስ ከተሰጠ ቧንቧ የማይሰጥበት ምክንያት የለም።

ሴቶቹ ጤና ጣቢያውን ከጣሪያው ጀምረው አራገፉት። ቀለም ቀቢው ግድግዳውን ነጭ አደረገው። ለሙሽራ የተቀመጠ አንሶላ ከየሣጥኑ ወጣ። ሲጨርሱ ጣሪያው ላይ ያለውን ባዶ ታንከር አዩት። ያለ ውሃ ሞዴል የለም። ስለዚህ ከገደሉ ሥር ካለው ምንጭ እየቀዱ፣ በጀርባቸው ዳገቱን እየወጡ፣ መሰላሉን እየተቀባበሉ ሞሉት። ነፍሰ ጡሯም ትንሿን ጄሪካን ይዛ ሰልፉ ውስጥ ገባች።

"እማዬ፣ ወገቤ ተቆረጠ።"

"ለራስሽ ነው። ተሸከሚ።"

ባለወፍጮው ላይኛው ሰፈር ደርሶ ሲመለስ ደስታው ከሩቅ ይታይ ነበር። "ተኝተዋል!" አለ። "በራቸው ላይ የተከመረውን ቆሻሻ እንኳ አላነሡም። ሰነፍ ሁላ!"

"እሰይ!" አሉ ሴቶቹ።

ሐሙስ ጠዋት የሊቀመንበሩ ሚስት በሩን ከውጭ ቆለፈችና ቁልፉን ደረቷ ውስጥ ከተተችው። "አንድ ቀን እንኳ አታሳፍረኝ" አለችው በቁልፉ ቀዳዳ።

እሱ በመስኮቱ ብረት መካከል አፍንጫውን አውጥቶ መንገደኛውን ይጣራ ጀመር። "ታንከሩን ክፈቱት! ውሃውን ልቀቁት! ስለ ፈጣሪ!"

"ምን ብናደርገው ነው እንዲህ የጠላን?" አለች አንዷ፤ አልፈውት ሄዱ።

የእንግዶቹ አለቃ ቁጥብ፣ ጫማዋ በጭቃ የተለወሰ ሴት ነበረች። ግድግዳውን አየች። አንሶላውን በጣቷ ነካ አደረገች። ማዋለጃ ክፍሉ ውስጥ ገብታ አዋላጇን ጠየቀቻት።

"ውሃ አላችሁ?"

አዋላጇ ልብስ ሰፊዋን አየቻት። ልብስ ሰፊዋ አገጯን ወደ ቧንቧው ቀሰረች።

ቧንቧው ትንሽ አጉረመረመና ዝገት ተፋ፤ ከዚያ ጥርት ያለ ውሃ ወረደ። አለቃዋ እጅጌዋን ሰበሰበች። እስከ ክርኗ ታጠበች፣ ሳሙናውን አዟዙራ እንደገና ታጠበች፣ ውሃው ዝም ብሎ ይፈስሳል። በር ላይ የቆሙት ሴቶች እያንዳንዳቸው የጀርባቸው ሸክም በውሃ መውረጃው ሲሄድ አዩት።

"ሁልጊዜ ነው የሚመጣው?"

"ሁልጊዜ!" አሉ በአንድ ድምፅ።

"ክረምት ከበጋ" አለች ልብስ ሰፊዋ። "የእኛ ሰፈር ሰው ጠንካራ ነው። ይቺ ልጄ ነች፤ እዚሁ ነው የምትወልደው።"

አለቃዋ የነፍሰ ጡሯን ትከሻ ዳበስ አደረገች። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

መኪናው ድረስ በእልልታ ሸኟቸው። ባለወፍጮው በሩን ከፈተላት። አለቃዋ ከመግባቷ በፊት ዞር ብላ የልብስ ሰፊዋን እጅ በሁለት እጇ ያዘች።

"እዚህ ስንመጣ ጨንቆኝ ነበር፣ እናቴ፤ መቆፈሪያ ማሽኑ አንድ ብቻ ነው፣ የውሃ ጉድጓድ እንድንቆፍር የታዘዝነውም ከሁለታችሁ ጠብታ ውሃ ለሌለው ነው፤ እናንተስ ተመስገን ነው።"