ጣሪያውን ያመጡት

የማቩንዴ ትምህርት ቤት ቦርድ አራት አባላት አሉት፤ አራቱም ሊቀመንበር መሆን ይፈልጋሉ።

ለጊዜው ወንበሩን የያዘው ኔትሻንዳማ ነው። ሥራው የሬሳ ሣጥን መሸጥ ነው። ከስሙ በፊት «ቮ» የሚለው የአክብሮት መጠሪያ ካልገባ፣ ቢጠሩት አይሰማም። ምክትሉ ፓስተር ሙንዜዚ ጸሎት ሲጀምር እንጂ ሲጨርስ ያየው ሰው የለም። ካንጋሌ የመንደሩ አለቃ እህት ናት። ቦርዱ ውስጥ እንዴት እንደገባች ሲጠይቋት «ታዲያ ማን ይግባ?» ብላለች።

አራተኛው ኛምቤኒ ባለ መኪና ነው። ነፋስ የትምህርት ቤቱን ጣሪያ ወስዶት ልጆቹ ዛፍ ሥር በሚማሩበት ጊዜ፣ ልክ ከምርጫው በፊት፣ አንድ ማለዳ አረንጓዴ ቆርቆሮ ጭኖ ከተፍ አለ። «የበጎ አድራጊዎች ስጦታ ነው» አለ። ከየት የመጡ በጎ አድራጊዎች እንደሆኑ የጠየቀ የለም። ቆርቆሮው ተመታ፣ ልጆቹ ገቡ፣ ኛምቤኒም ተመረጠ። ያን ዕለት ኔትሻንዳማ ቶሆያንዱ ከተማ ሠርግ ላይ ነበር። ፓስተሩ ተኝቶ ነበር። ካንጋሌ ደግሞ የመዶሻው ጩኸት ረበሸኝ ብላ ሰው ልካ አስቁማ ነበር።

አንድ ቀን ርዕሰ መምህርቷ ፎፊ ቦርዱን ሰበሰበች። ለዚያ ጣሪያ ስትለምን ዓመታት ያሳለፈች ሴት ናት።

«ሁለት ሰዎች ከፖሎክዋኔ ከተማ ይመጣሉ። ጣሪያውን ያመጡትን ሰዎች በአካል መተዋወቅ እንፈልጋለን ብለዋል።»

«ሌላስ ምን አሉ?» አለ ኔትሻንዳማ።

«ሌላ አላሉም።»

የቀረውን ቦርዱ ራሱ ሞላው፦ ሽልማት ነው! ሳይመሽ ካንጋሌ አዲስ ቀሚስ ልታሰፋ ጨርቅ ገዛች። ፓስተሩም የምስጋና ንግግሩን ለሚስቱ አሰማ፤ እሷን እንቅልፍ ወሰዳት።

ቀኑ ደረሰ። ዶሮ ታረደ፣ የበቆሎ ገንፎ ተገነፋ፣ ወላጆች በክፍሉ መስኮት በኩል ተደረደሩ። እንግዶቹ ዝምተኛ ረጅም ሰውዬና ከባድ ጫማ ያደረገች ሴት ነበሩ። ምግብ ሲቀርብላቸው «በልተን ነው የመጣነው» ብለው ሳይነኩት ቀሩ። ለፎፊ ወንበር አልተያዘላትም፤ ኋላ ሄዳ የተማሪ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች።

ካንጋሌ ዘግይታ እያለከለከች ገባች።

«ይቅርታ፣ ወንዙ ማዶ ቀብር ነበርኩ። ያቺ የማዶው ጤና ጣቢያ በተከለው ድንኳን ውስጥ የወለደችው ልጅት… ሌሊቱን ሙሉ ዝናብ ሲወርድባት አድሮ ነው አሉ። ሕፃኑ ተርፏል።»

«ሣጥኑን ከማን ገዙ?» አላት ኔትሻንዳማ በሹክሹክታ።

«ከቶሆያንዱ።»

ፊቱ ጠቆረ። ለሟች ያዘነ የመሰላት አንዲት እናት በመስኮት «ያጽናዎት፣ ቮ ኔትሻንዳማ» አለችው።

ከዚያ ተነስቶ ቦርዱን አስተዋወቀ። ራሱን ለማስተዋወቅ ረጅም ጊዜ ወሰደ፤ የቀሩትን በአንድ ትንፋሽ ጨረሳቸው። እንግዳዋ ስልኳን ለመቅጃ ጠረጴዛው ላይ አኑራ በትሕትና ጠየቀች።

«ይህን የመሰለ ቆርቆሮ ማን ነው ያመጣው?»

ሁሉም ወደ ኛምቤኒ ዞረ። በምርጫው ጊዜ ስለዚሁ ጣሪያ በድምፅ ማጉያ መንደሩን ሲያደነቁር የከረመ ሰው፣ ዛሬ ጫማውን እያየ «እኔ እንኳ… መኪና ብቻ ነው ያቀረብኩት። ሌላው የቦርዱ ሥራ ነው» አለ።

«ሰማችሁ? በገዛ አፉ!» አለ ኔትሻንዳማ። «እሱ ሹፌር ነው። ከየት እንደሚጫን የነገርኩት እኔ ነኝ። ሂድና ጫን ያልኩትም እኔ ነኝ።»

«በሌሊት ነው አሉ የተጫነው?» አለች እንግዳዋ።

ፓስተሩ ብድግ አለ። «ሌሊቱን የመረጥኩት እኔ! ጸልዬ ነው የመረጥኩት!»

«ወንዶች ስትባሉ አታፍሩም!» አለች ካንጋሌ። «የጫኑት የወንድሞቼ ልጆች አይደሉም? ያበላኋቸውስ እኔ አይደለሁም?»

«ምስኪን ኛምቤኒ!» አለ አንድ ወላጅ ከመስኮቱ። «ዓይኑ እያየ በጎ ሥራውን ቀሙት!»

ኛምቤኒ ላቡን ጠረገ።

«ርዕሰ መምህርቷስ?» አለ ረጅሙ ሰውዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፍቶ።

ፎፊ ልትናገር ስትነሳ ኔትሻንዳማ በእጁ አስቀመጣት። «እሷ የለችበትም! ምንም አታውቅም። እንኳን ልታመጣ፣ ሲወርድም አላየችም። ሁሉንም የሠራነው እኛ ነን።»

«ይህን በወላጆቹ ፊት ትደግሙታላችሁ?» አለች ሴትየዋ።

«መቶ ጊዜ!» አሉ ሦስቱም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ነገር ተስማምተው። ደገሙትም፤ እያንዳንዳቸው ከፊተኛው ትንሽ ጨምረውበት።

ኛምቤኒ «አየር ልቀበል» ብሎ ተነሳ። ረጅሙ ሰውዬ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

ሴትየዋ መቅጃውን ዘጋች፤ ከቦርሳዋ ካቴና አውጥታ ዶሮው አጠገብ አኖረችና፣ «የጤና ጣቢያውን ጣሪያ ነቅሎ ሲጭን የታየው ሹፌሩ ብቻ ነበር፤ እግዜር ይስጥልን» አለች።