የወገብ ስለት

«ይበሉ እናታችን፣ ምን ተደረገልዎ?» መሪጌታ ወልደ ሰንበት የድምፅ ማጉያውን ወደ አፌ ያስጠጉታል። የተሳልኩትን ጃንጥላ ታቅፌ ዓውደ ምሕረቱ ላይ ቆሜያለሁ። የሞጣ ሕዝብ ከሥር ነጭ ለብሶ ይጠብቀኛል።

አፌን ስከፍት አንዱ ከኋላ፣ «አቶ ዓለምነህ፣ ጃንጥላውን ይቀበሏቸው እንጂ!» ይላል።

ዞር ስል ጋቢ የደረበ ሰው እጁን ዘርግቶ ይስቅልኛል።

ዓለምነህ። የልጄ የእስከዳር አለቃ። የገበሬውን ማዳበሪያ ለነጋዴ ሲያሻግር አይታ ለፀረ ሙስና የጠቆመችበት እሱ ነው። «ስምሽ አይወጣም፣ ሕግ ይጠብቅሻል» ብለዋት ነበር። እሱ ግን ታግዶ ከርሞ ወንበሩ ላይ ተመለሰ፤ ማን እንዳሳበቀበት ለማወቅ ቢሮውን ሲያምስ ዓመት ሞላው። እኔም ቢቸና ሆኜ እዚህ ሞጣ ያለውን የሰፈሯን ሚካኤል ለመንኩት፦ ዓመቱን ልጄን ከዚህ ሰው ሰውርልኝ፣ ስሟን ጠርቼ በአደባባይ እመሰክራለሁ። ሰወረልኝ። ለእሷ ሳልነግራት ስለቴን ላስገባ መጣሁ። ሌባ የበዓል ኮሚቴ ይሆናል ብዬ እንዴት ላስብ?

«አይፍሩ እንጂ» ይላሉ መሪጌታ። «ስለት በልብ ከቀረ ግማሹ አልገባም። የማን ስለት ነው?»

«የ... የልጄ...»

ድምፄ በየዛፉ ላይ ከተሰቀለው ማጉያ ተመልሶ ይመጣብኛል።

«ከየት ነው የመጡት እናቴ?» ዓለምነህ ነው።

«ከቢቸና።»

«ቢቸና! እኛም ቢሮ አንዲት የቢቸና ልጅ አለች።» ሳቁ አልጠፋም፤ ዓይኑ ግን ፊቴ ላይ ቀርቷል። እስከዳር ቁርጥ እኔን ናት።

መሪጌታ ይጠብቃሉ። ታቦቱም ይጠብቃል።

«ልጄን ስወልድ የያዘኝ ወገቤ ነው» እላለሁ። «ቀጥ ብዬ መሄድ አቅቶኝ ኖሬ... አሁን ማረኝ።»

«እልል በሉ!»

ግቢው በእልልታ ይናጣል። «ኧረ ለእኔም ወገብ ይለምኑልኝ!» ትላለች አንዷ፤ ሰው ይስቃል። እኔ ሚካኤልን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።

ደረጃውን ልወርድ ስል እንገዳገዳለሁ። ዓለምነህ ክንዴን አፈፍ ያደርገኛል።

«ምነው እናቴ፣ ድነዋል አይደል እንዴ?»

«መንገዱ ነው፣ ልጄ።»

ልጄ አልኩት።

ደግፎኝ እንወርዳለን። ከሴቶቹ መካከል እስከዳርን አያታለሁ፤ እልል ስትል አፏ እንደተከፈተ ቀርታለች። መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ክንዴን የያዘውን እጅ ታያለች። ከዚያ እንደማታውቀኝ ዓይኗን ከእኔ ላይ ታነሳለች። እልልታዋን ከሁሉም ሴቶች በላይ ታቀልጠዋለች።

ዓለምነህ ድምፁ ወደመጣበት ሊዞር ይላል። እኔም ወገቤን ይዤ «ወይኔ!» እላለሁ፤ ክብደቴን ሁሉ ክንዱ ላይ እጥላለሁ።