ለሸክላ ሠሪዋ ልጅ የተመረጠ ሙያ

ዲሬክተሩ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዋ ቁስል አካሚ ለመሆን «ድሬሰር» ብላ የጻፈችውን ሰርዘው «ሸክላ ሥራ» ብለው ጻፉና የሙያ ምርጫ ቅጹን ወደ እናቷ ገፉት።

«በይ፣ እዚህ ላይ ፈርሚ።»

እናትየው አውራ ጣቷን ቀለም አስነክታ፣ «ምን ይላል?» ስትል ልጇን በወላይትኛ ጠየቀቻት።

«ሸክላ ሠሪ ሁኚ ይላል። የሸክላ ሠሪ ልጅ ቁስሌን አትነካኝም የሚል በሽተኛ ይመጣል አሉ።»

የእናትየው ጣት ከወረቀቱ በላይ ቆመ። «ንገሪው፤ ሸክላውንማ እኔ አስተምርሽ ነበር። ታዲያ ስምንት ዓመት ሙሉ ለምን ወሰደሽ?»

ልጅቷ አንድም ቃል ሳታለዝብ ተረጎመችላቸው።

የዲሬክተሩ ፊት ቀላ። «እኔኮ ለእሷው አስቤ ነው! ካለ አሻራሽ ቅጹ አይሄድም፤ ፈርሚ!»

ይኼኛው ያለ አስተርጓሚ ገባት። አውራ ጣቷን አዲሱ ቀሚሷ ላይ አጥብቃ ጠረገችው።