የእሹሩሩው ገጽ

በአፍ ማዜም በሕግ ከተከለከለ ወዲህ የልጅ ልጄ ኤልዳና ሕፃን ልጇን የምታባብላት ድምፅ ሳታሰማ፣ ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች ነው። ልጅቱም ዓይኗን ከከደነች እሹሩሩው ስለሚቋረጥባት እንቢ ብላ አትተኛም። አንጀቴን ትበላኛለች።

ዛሬ ኤልዳና ያዘጋጀችውን የሙዚቃ መጽሔት ናሙና ሥራውን ያዘዛት ደንበኛ አስተያየት ጽፎ መለሰላት፦ «የእሹሩሩው ገጽ ይውጣ። ያነበበ ሰው ማዜም ያምረዋል።»

«ላውጣው፣ እምዬ?»

«እንዳትነኪው!»

«ቢያስሩኝስ?»

«ገጹ አይወጣም ብለሽ መልሺለት። በእኔ ስም ጻፊው። ከመጡም አሮጊቷን ይውሰዱ፤ እስቲ ከነወገብ ሕመሟ ይቻሏት!»

እየሳቀችም እየፈራችም ላከችው። ሕፃኗ ስታለቅስ አቀፍኳትና ድምፄን ከፍ አድርጌ «እሹሩሩ» አልኩ። ዜማ ሲሰማ እንዲያሳብቅ ግድግዳው ላይ የተከሉብን የድምፅ ጠባቂ ቀይ አበራ። አላቆምኩም። ልጅቱ ከንፈሬን ማየቷን ተወችና ዓይኗን ከደነች።